ዩጋንዳ ለሚገባ የሚሽን ቲም፦ ከኢንቴቤ እስከ ናኪቫሌ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መመሪያ

ከአዲስ አበባ ኢንቴቤ የሚደረገው በረራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የሰዓት ለውጥም የለም። የመንገዱ ማጠር ብዙ ቲሞችን ያዘናጋቸዋል። ክፍለ ሀገር ለሁለት ቀን አገልግሎት እንደሚወጣ ቡድን ተሰናድተው ይነሳሉ፤ ባረፉ ማግስት ስብከት ይይዛሉ፤ ሳምንቱ ሳይጋመስ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ይኮርፋል፣ ተቀባዩ መጋቢ ደግሞ በትሕትና ዝም ብሎ ይደክማል።

ይህ መመሪያ ከኢትዮጵያ የወንጌላውያን አጥቢያ ተነስቶ ወደ ዩጋንዳ ለሚሄድ፣ ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ሰው ለሚሆን ቲም የተዘጋጀ ነው። መንገዱ ከኢንቴቤ ወደ ካምፓላ፣ ከካምፓላ በማሳካ በኩል ወደ ምባራራ፣ ከዚያም ወደ ናኪቫሌ የስደተኞች መኖሪያ ነው። ናኪቫሌ በ1958 የተቋቋመ፣ በአፍሪካ ካሉት እጅግ ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩት የስደተኞች መኖሪያዎች አንዱ ነው። ኮንጎዎች፣ ሩዋንዳውያን፣ ቡሩንዲያውያን፣ ሶማሌዎች፣ የእኛም አገር ሰዎች ይኖሩበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

መመሪያው በሙሉ የቆመው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ የሰጣቸውን ትእዛዝ ቅደም ተከተል አስተውሉ፦ መጀመሪያ ለቤቱ ሰላም በሉ፤ በዚያው ቤት ተቀመጡ፣ ከቤት ወደ ቤት አትዙሩ፤ ያቀረቡላችሁን ብሉ። ድውያንን መፈወስና የእግዚአብሔርን መንግሥት መስበክ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምንም ዓይነት ስብከት፣ ሥልጠናና የአደባባይ አገልግሎት አይያዝ። እነዚህ ቀናት እንግዳ መሆንን የምትማሩባቸው ናቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት ማለቅ ያለበት

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው። ቢጫ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ኢንቴቤ ላይ ይጠየቃል።

የወባ መከላከያን ነገር ለሐኪም አቅርቡ፤ ግን ዘግይታችሁ አትሂዱ። ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከተመለሳችሁም በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል። ማላሮን የሚባለው ከተመለሱ በኋላ የሚወሰደው ለሰባት ቀን ነው። ሜፍሎኪን ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጀመርን ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር እህት ከቲሙ ጋር ካለች ለሐኪሙ በግልጽ ትናገር፤ ዶክሲሳይክሊን ለእርሷ አይሆንም። «እኔ ወባ አይዘኝም» የሚል ወንድም አይጠፋም። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋምበት የተገነባ አቅም የለውም፤ ዩጋንዳ ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ቶሎ ካልታከመ የሚገድለው ዓይነት ነው።

ቪዛው በዩጋንዳ ኢሚግሬሽን የኢንተርኔት ማመልከቻ አስቀድሞ ይጠየቅ። የትኛው ዓይነት ቪዛ እንደሚያስፈልጋችሁ የምትጠይቁት የምትቀበላችሁን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የአገሩን ሕግ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ልታስተምሩና ልትሰብኩ እየሄዳችሁ «ለጉብኝት» ብላችሁ አትሙሉ። የወንጌል ሥራ በሐሰት ቃል አይጀመርም፤ ከዚያም በላይ ነገሩ ቢታወቅ ዳፋው የሚተርፈው ለጋበዛችሁ መጋቢ ነው።

ናኪቫሌ ማንም በፈለገው ቀን የሚገባበት ሰፈር አይደለም። ስደተኞችን የሚያስተዳድረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ፈቃዱም በተቀባዩ ቤተ ክርስቲያን በኩል ከሳምንታት በፊት መጠየቅ አለበት። የእያንዳንዱ ሰው ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይላክ።

መድኃኒት ለእርዳታ ብላችሁ በሻንጣ አትጫኑ። የዩጋንዳ የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ የሌለው መድኃኒት ጉምሩክ ላይ ይቀራል። መርዳት ካሰባችሁ እዚያው ካምፓላ በተቀባዩ ቤተ ክርስቲያን ምክር ይገዛ። ለራሳችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት ግን ከነማዘዣው ያዙ።

ልብስን በተመለከተ ሁለት ነገር። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥጉርጉር ሱሪ፣ ኮፍያና ቦርሳ ዩጋንዳ ውስጥ ለሲቪል ሰው የተከለከለ ነው፤ ወጣቶቹን ሻንጣቸውን አስከፍታችሁ እዩ። እህቶች ከጉልበት የሚወርድ ቀሚስ ይያዙ። ወንዶች በቁምጣ ወደ ጸሎት ቤት አይሄዱም። ካምፓላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከአዲስ አበባ በጣም ትሞቃለች፤ ጋቢና ወፍራም ሹራብ ቤት ይቅር። ለምሽት ግን እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የእንግሊዞቹ ዓይነት ነው። ሁለት ክብ ጥርስ ያለው የእኛ ቻርጀር አይገባም። መቀየሪያው ለየሰው አንድ ሳይሆን ለሁለት ሰው አንድ ቢሆን ይበቃል።

የሥራ ክፍፍሉም አዲስ አበባ ላይ ይለቅ። መሪና ምክትል፣ ገንዘብ ያዥ፣ የጤና ኃላፊ፣ የጽሑፍና የፎቶ ኃላፊ ይሰየሙ። የቀሩት ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩ፤ ጥንዶቹ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ፣ አንዱ የሌላውን ጤንነት ይከታተላል። ባልና ሚስት ካሉ ከሌላ ሰው ጋር ማጣመሩ ይሻላል። ቲሙ በጥንድ ጥንድ ተለያይቶ እንዳይቀር ይረዳል።

ኢንቴቤ ስትወርዱ

ኢሚግሬሽን ላይ አንድ ሰው ለሁሉም አይናገር፤ መኮንኑ እያንዳንዱን ለብቻው ይጠይቃል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሦስት ነገር በእንግሊዝኛ መመለስ ይቻለው፦ ማን ጋበዛችሁ፣ የት ታድራላችሁ፣ መቼ ትመለሳላችሁ። የግብዣው ደብዳቤ ቅጂና የተቀባዩ መጋቢ ስልክ በየሰው እጅ፣ በወረቀት ይኑር። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። ቅጽ ስትሞሉ የልደት ቀናችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አትዘንጉ። እናቶችና አባቶች አብረዋችሁ ካሉ ወጣቱ ከጎናቸው ቆሞ ያግዛቸው።

ከዚያ ሻንጣ ተቆጥሮ ይወጣል። የሚቆጥረው መሪው አይደለም፤ ምክትሉ ነው። መሪው ወጥቶ የሚጠብቁትን ሰዎች ቀድሞ ሰላም ይበል። አንድ መጋቢ ለሁለት ሰዓት በር ላይ ቆሞ የጠበቃችሁ እንደሆነ፣ መጀመሪያ የሚያየው የሻንጣ ግርግር ሳይሆን የመሪውን ፊት ቢሆን መልካም ነው።

ከኢንቴቤ ካምፓላ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በ2018 የተከፈተው የክፍያ መንገድ ጉዞውን አሳጥሮታል። በአሮጌው መንገድ ማታ ከገባችሁ ግን መጨናነቁ ከባድ ነው። መኪና የሚነዳው በግራ መሆኑን ያኔ ታያላችሁ። ይህን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታልፉት። እኛ መንገድ ስናቋርጥ መጀመሪያ ወደ ግራ ማየት ለምዶብናል፤ እዚያ አደጋው መጀመሪያ የሚመጣው ከቀኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማንም ሰው ብቻውን መንገድ አያቋርጥ፤ ከአገሩ ሰው ጋር ይሻገር። ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሞተር ሳይክሎች በየመንታው ቆመው ይጠሯችኋል። የቲሙ ደንብ አጭር ይሁን፦ ቦዳ ቦዳ ላይ ማንም አይወጣም። ውይይት የለውም።

የመጀመሪያው ምሽት

ጀንበር የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላ ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከዚያ ጀምሮ እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ማደሪያ እንደገባችሁ፣ ሻንጣ ከመፈታቱም እራት ከመብላቱም በፊት፣ የጤና ኃላፊው ክፍል ለክፍል ዞሮ አጎበር ሁሉ መኖሩን፣ አለመቀደዱንና ጫፉ ፍራሹ ሥር መግባቱን ይይ። የተቀደደ ካለ በፕላስተር ይለጠፍ። አንድ ሳጥን ፕላስተር ለዚህ ብቻ ተይዞ ቢሄድ ዋጋ አለው።

ጥርስም የሚታጠበው በታሸገ ወይም በፈላ ውኃ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመስኮት ይታይ ይሆናል፤ ዋናና እግር መንከር ግን ቢልሃርዝያ ያስይዛል።

ያን ምሽት ስብሰባ አታርዝሙ። መሪው ሁለት ነገር ይናገር፦ ነገ የሚነሱበትን ሰዓትና ሌሊት የታመመ ሰው ማንን እንደሚቀሰቅስ። ከዚያ ጸልዩና ተኙ። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ መሪው ወይም የጽሑፍ ኃላፊው ለአጥቢያው አንድ መልእክት ይላክ። እያንዳንዱ ሰው ሌሊቱን ሁሉ ስልክ ላይ ካደረ በማግሥቱ ዓይኑ ካምፓላ፣ ልቡ ቤት ይሆናል።

ሁለተኛው ቀን፦ ገንዘብ፣ ስልክና ሰላምታ

ብር ይዛችሁ በመሄድ አትተማመኑ። ከባንክ በሕጋዊ መንገድ የወሰዳችሁትን ዶላር ከነደረሰኙ ያዙ። ያረጀ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር አይቀበሏችሁም፤ ባለ 100 ዶላር ኖት ከትናንሾቹ የተሻለ ይመነዘራል። አንድ ዶላር 3,500 ገደማ የዩጋንዳ ሽልንግ ስለሚያወጣ ዜሮዎቹ ያደናግራሉ። ገንዘብ ያዡ ከባለ 1,000 እስከ ባለ 50,000 ያሉትን ኖቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለሁሉም ያሳይ። ባለ 5,000 መስሎት ባለ 50,000 የሚሰጥ ሰው የሚገኘው በዚህ ቀን ነው።

የሲም ካርድ ምዝገባ ፓስፖርት በአካል ይዞ መቅረብን ይፈልጋል። መንገድ ላይ ከሚሸጥ ሰው ሳይሆን ከኤምቲኤን ወይም ከኤርቴል ሱቅ ይገዛ። ለመሪው፣ ለምክትሉ፣ ለጤና ኃላፊውና ለገንዘብ ያዡ ከሆነ ይበቃል። ፌስቡክ ከ2021 ምርጫ ወዲህ በዩጋንዳ ተዘግቶ ስለቆየ የቲሙ መገናኛ ዋትሳፕ ይሁን።

ከዚያ ሰላምታ ተማሩ፤ ይህኛው እውነተኛ ሥራ ነው። ካምፓላ የቡጋንዳ (በዩጋንዳ ውስጥ ያለ የጥንት መንግሥት) አገር ናት፣ ቋንቋዋም ሉጋንዳ ነው። «ኦሊ ኦትያ» ብሎ ደህንነትን መጠየቅ፣ ለሚሠራ ሰው «ጄባሌኮ» ማለት፣ «ዌባሌ ኞ» ብሎ ማመስገን ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ለወንድ «ሴቦ»፣ ለሴት «ኛቦ» ጨምሩበት፤ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ምባራራ ስትደርሱ «ኦሊ ኦትያ»ን «አጋንዲ» ይተካዋል። ሰላምታ እንደ እኛው ይረዝማል፤ ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ ይጠየቃል። በዚህ በኩል ሐበሻ አይቸገርም።

የሚያስደነግጣችሁ ሌላ ነገር አለ። በቡጋንዳ ባህል ሴቶችና ልጆች ታላቅ ሰውን ወይም እንግዳን ሲቀበሉ ተንበርክከው ሰላም ይላሉ። የመጋቢው ሚስት ትሪ ይዛ መጥታ ብትንበረከክ «ኧረ በእግዚአብሔር! ተነሺ!» ብላችሁ እጇን አትጎትቱ። ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ አመስግኑ። በባህሉ ላይ አስተያየት ያለው ሰው ለራሱ ይያዘው፤ በሁለተኛው ቀን የሚሰጥ አስተያየት የሚያንጸው የለም።

ከሰዓት በኋላ ናሙጎንጎ ሂዱ። ከካምፓላ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ነው። በቡጋንዳው ንጉሥ ሙዋንጋ ዘመን፣ ከ1885 እስከ 1887፣ በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ የነበሩ ወጣቶች ስለ ክርስቶስ ስም ተገድለዋል፤ ብዙዎቹ የተቃጠሉት ናሙጎንጎ ላይ ሰኔ ሲገባ በ1886 ነው። ካቶሊኮቹ 22፣ አንግሊካኖቹ 23 ሰማዕታት ያስባሉ። የመጀመሪያዎቹ የአንግሊካን ሚሲዮናውያን ዩጋንዳ የገቡት በ1877 መሆኑን ስታስቡ፣ እነዚህ ልጆች በጥቂት ዓመት እምነት ሕይወታቸውን የሰጡ ናቸው። ከዚያ ጃናኒ ሉዉም አለ፤ የዩጋንዳውን አምባገነን ኢዲ አሚንን የተቃወመው የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ፣ በየካቲት 1977 የተገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ በእኛ አገር የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ተገድለዋል። ሁለቱን ታሪኮች ለተቀባዮቻችሁ ወንድሞች ጎን ለጎን ንገሯቸው። ወንጌልን ወዳላወቀ አገር የሄዳችሁ አይደላችሁም፤ በደም የተፈተነች ቤተ ክርስቲያን ቤት ነው የገባችሁት። ይህን በዓይኑ ያየ ቲም «ልናስተምራቸው መጣን» በሚል መንፈስ መድረክ ላይ አይቆምም።

ማዕዱ

ማቶኬ ተቀቅሎ የተፈጨ አረንጓዴ ሙዝ ነው፤ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይበስላል። ፖሾ የበቆሎ ገንፎ ነው። ከቦሎቄ፣ ከኦቾሎኒ ወጥ ወይም ከዶሮ ጋር ይቀርባል። ቅመሙ ለእኛ ምላስ ለስለስ ይላል። በርበሬ ከቦርሳ አውጥቶ መነስነስ አስተናጋጇን «አልጣፈጠም» ማለት ነው፤ አታድርጉት።

የአሳማ ሥጋ ዩጋንዳ ውስጥ በጣም የተወደደ ምግብ ነው፤ በወንጌላውያን ቤትም ይቀርባል። አብዛኞቻችን ደግሞ አልለመድነውም። ይህ ነገር በማዕድ ላይ ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት ይነገር፤ መሪው ለአስተባባሪው በትሕትና አስቀድሞ ይጻፍ። ሳይታሰብ ከቀረበ ደግሞ የሚበላው ይብላ፣ የማይበላው ከሌላው ምግብ አንስቶ ዝም ይበል። ፊት ማጨማደድ፣ እርስ በርስ በአማርኛ ማንሾካሾክ፣ «እኛ አገር ይህ አይበላም» ብሎ መተረክ አይፈቀድ። ኅዳር አካባቢ ከሄዳችሁ የተጠበሰ አንበጣ መሰል ነፍሳት፣ ንሴኔኔ የሚሉት፣ በክብር ሊቀርብላችሁ ይችላል። ያው ደንብ ነው።

ካባላጋላ የሚባለው የካምፓላ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። እንጀራው ጥሩ ነው፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አትሂዱ። ሐሳቤ ጥብቅ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። በሁለተኛው ቀን ወደ እንጀራ የሮጠ ቲም በስድስተኛውም ቀን እንጀራ ሲናፍቅ ነው የሚገኘው፤ ስታበስል የዋለችው እህትም ነገሩ አይጠፋባትም። በመመለሻችሁ ዋዜማ ተቀባዮቻችሁን ጋብዛችሁ አብራችሁ ብሉ፤ ያን ጊዜ እንጀራው የእናንተ ስጦታ ይሆናል።

ሰዓትና ትርጉም

በሉጋንዳ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ሰባት ይሉታል። ሹፌሩ በእንግሊዝኛ «ስምንት ሰዓት እንነሳለን» ካለ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። የእኛ ሰዎች ደግሞ በልባቸው እየተረጎሙ ይሳሳታሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የየቀኑ መርሐ ግብር በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ ይለጠፍ፤ ማታ መሪው በአማርኛ ይድገመው።

የትርጉሙን ነገር በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በሁለተኛው ማታ አንሱት። የእናንተ ሰባኪ በአማርኛ የሚናገር ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ቋንቋ ይተረጎማል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል የታሰበው መልእክት ሰዓት ሊሞላ ነው። ስለዚህ በግማሽ ይቆረጥ። ዓረፍተ ነገሩ ይጠር፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገሩ ይቅር፣ ጥቅሶቹ ለተርጓሚው አስቀድመው በወረቀት ይሰጡ። አንድ የቲሙ አባል እንግሊዝኛ ጥሩ ስለቻለ ብቻ ዋና ሰባኪ አይሁን፤ ጸጋው ያለው ይስበክ፣ ቋንቋው ያለው ይተርጉም።

ሦስተኛው ቀን፦ ወደ ምዕራብ

ከካምፓላ ምባራራ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ተነሱ። ካያብዌ ላይ የምድር ወገብን ስታልፉ ፎቶ ለመነሳት ቆሙ፤ ሹፌሩም ይረፍ። በጨለማ መንዳት ስለማይገባ ቀኑን ሙሉ ለመንገድ ስጡት። ምባራራ አድራችሁ በማግሥቱ ወደ ናኪቫሌ ግቡ።

ስለ ስደተኞቹ ጥቂት ዕውቀት ይዛችሁ ግቡ። ዩጋንዳ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች የምታስተናግድ አገር ናት። በ2006 የወጣው ሕጓ ስደተኛው እንዲሠራና እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል፤ በመኖሪያዎቹም ቁራሽ መሬት ይሰጠዋል። ስለዚህ ናኪቫሌ አጥር የታጠረ ካምፕ አይደለም። ሱቅ፣ እርሻ፣ ትምህርት ቤት፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት ሰፊ ሰፈር ነው። አንዳንዱ እዚያው ተወልዶ እዚያው ልጅ ወልዷል። በሐዘን ፊት እየዞሩ ማየት ያሳፍራቸዋል።

የአገራችንን ሰዎች ስታገኙ ልባችሁ ይሸነፋል፣ እነርሱም ያለቅሱ ይሆናል። እዚህ ላይ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ለምን ተሰደድክ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ብዙዎቹ የወጡት በፖለቲካ ምክንያት ነው፤ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ እንዲህ ሲጠይቅ ማን እንደላከው ያስባሉ። ራሱ ቢነግራችሁ ስሙ፣ ከቲሙ ውጭ አታውሩት። ፎቶ አታንሱ፣ ቢፈቅዱ እንኳ ፊታቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ አትልቀቁ። አገር ቤት ቤተሰብ ያለው ሰው ከአንድ ፎቶ የተነሳ ሊጨነቅ ይችላል። ሁሉም አማርኛ ይናገራል ብላችሁም አታስቡ፤ በኦሮምኛ የሚያመልኩ፣ በኦሮምኛ ቢጸለይላቸው የሚመርጡ አሉ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ የሚችል ሰው ቲሙ ውስጥ ካለ እርሱ ቀድሞ ሰላም ይበል። ኤርትራውያንም ብታገኙ ጦርነትና ድንበር አይነሳ።

ከዩጋንዳ ወጥቶ ሦስተኛ አገር፣ እንደ አሜሪካ ያለ፣ ስለመሄድ ይጠይቋችኋል። «እንሞክራለን»፣ «አሜሪካ ዘመድ አለኝ» የሚል ቃል ከአንዳችሁም አፍ አይውጣ። እናንተ ለማጽናናት ያላችሁት ቃል ለሰውየው ለዓመታት የሚጠብቀው ተስፋ ይሆንበታል። «ይህን ማድረግ አንችልም፤ እንጸልይልህ ወይ?» ማለት ፍቅር ነው።

ርዳታና ወንጌል በአንድ እጅ አይያዙ። ሳሙና ወይም ልብስ እየታደለ ጸሎት እንዲደገም መጠየቅ፣ በተለይ ሙስሊም ጎረቤቶች ባሉበት፣ የተቸገረን ሰው ሃይማኖት መግዛት ነው። የሚሰጠው ሁሉ በአጥቢያው ሽማግሌዎች እጅ፣ እነርሱ በሚያውቁት ዝርዝር፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ቢሰጥ ይመረጣል።

በግል ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል፤ የትምህርት ክፍያ፣ ሕክምና፣ የቤት ኪራይ። ታሪኩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ግን ማንም የቲም አባል በድብቅ አይስጥ። ለአንዱ የተሰጠው ማታውን በሰፈሩ ይሰማል፤ በማግሥቱ መጋቢው ደጅ ላይ ሃያ ሰው ይቆማል፤ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ እርሱ ይቀራል። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ ለመሪያችን እነግረዋለሁ» ይበልና ያው ምሽት ይናገር። መሪው ከመጋቢው ጋር ተማክሮ ይወስናል።

ከልጆች ጋር ማንም ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሁን፤ ሁለት አዋቂ፣ በሩ ክፍት። ልጅ ፎቶ የሚነሳው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲፈቅድ ነው። ከረሜላ መበተን ይቅር፤ ልጆቹ ይጋፋሉ፣ ትንሹ ይወድቃል፣ ቀጣዩም እንግዳ የከረሜላ ሰው ይሆናል።

ሲታመሙና ሲኮራረፉ

ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያድርግ። የወባ ትንኝ ከተናከሰች በኋላ ሕመሙ ለመታየት ቢያንስ ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ በሁለተኛው ቀን የሚነሳ ትኩሳት ከዩጋንዳ ትንኝ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከአገር ቤት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ የጨውና ስኳር ዱቄቱ ከጤና ኃላፊው ቦርሳ አይጥፋ፤ ደም ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወደ አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ በኋላ በሚቀጥሉት ወራት ትኩሳት ቢነሳ ለሐኪሙ «ዩጋንዳ ነበርኩ» በሉ።

የኩርፊያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ቀን ነው። ድካም ተጠራቅሟል፣ ምግቡ ተለውጧል፣ አንዱ ያንኮራፋል፣ ሌላው ሁልጊዜ ይዘገያል። በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። መሪው ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ዛሬ ጌታን የት አያችሁት? ዛሬ ማን ከበዳችሁ? ማንን መርዳት አለብን? ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልስ በመጀመሪያው ምሽት አይገኝም። መሪው ራሱ ጀምሮ ሲመልስ ሌላው ይከተላል። ስሙ የተነሳው ሰው ይስማ፣ አይከራከር፤ ሁለቱ ከመተኛታቸው በፊት ይነጋገሩ። በጸሎት ብቻ ሸፍኖ ማለፍ አይበጅም። ታላላቆች ካሉ ታናሾቹ ደፍረው አይናገሩም፤ መሪው እነርሱን ለብቻ ይጠይቃቸው።

የመጀመሪያው አገልግሎት

በዩጋንዳ አብያተ ክርስቲያናት እንግዳ ሳይነሳ አይቀርም። መድረኩ ላይ ወጥታችሁ ሰላም እንድትሉ ትጠራላችሁ። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ጌታን አመስግኖ ስምን መናገር፣ ጌታን እንዴት እንደተቀበሉ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር መመስከር፣ መቀመጥ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካው ሪቫይቫል (የመንፈሳዊ መነቃቃት እንቅስቃሴ) በግልጽ የመናዘዝና የመመስከር ልማድን አስፍቶላቸዋልና ስለ ጌታ መናገር አያፍሩም። እያንዳንዱ የቲም አባል ይህን አጭር ምስክርነት በእንግሊዝኛ ተለማምዶ ይምጣ። ረጅም ዝርዝር ማዕረግ፣ የአጥቢያችሁ ታሪክ፣ የቦርድ አባላት ሰላምታ ይቅር።

ከዚያ በፊት ግን መሪው በዋዜማው ከመጋቢው ጋር ለብቻው ይቀመጥ። አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀውን መርሐ ግብር አውጥቶ ይስጠውና እነዚህን ይጠይቀው፦ ከዚህ ውስጥ የማይጠቅማችሁ የትኛው ነው? ለእኛ ብላችሁ የተዋችሁት የራሳችሁ ሥራ አለ? ማንን ብንጎበኝ ትወዳላችሁ? የትኛው ሰባኪያችሁ ከእኛው ጋር አብሮ ይቁም? የመጀመሪያው መልስ በትሕትና «ሁሉም ጥሩ ነው» ይሆናል። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቁት፣ እንደገና ጠይቁ። እርሱ የሰረዘውን ሰርዙ፤ በቦታው የጻፈውን ደግሞ ለቲሙ ያው ምሽት አንብቡ፣ ሥራውንም ከዚያው ተከፋፈሉ።